ሳይሰሙ መፍታት

በአማርኛችን ውስጥ “ፈታ”ን ያህል ሥራ የሚበዛበት ግስ ያለ አይመስለኝም። ገመድ ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ባል ሚስቱን ይፈታል፤ እሷም ትፈታዋለች። ሕልም ይፈታል። ችግርም ይፈታል፤ ቢያንስ በስብሰባ ላይ። እንቆቅልሽ ይፈታል፤ ካልተፈታም አገር ይሰጥና ይታለፋል። ጋራዥ ጎራ ስትሉ ደግሞ መኪና ይፈታል። እንዲያውም ከሁሉም ፈጥኖ የሚፈታው መኪና ነው። እስረኛው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ባልና ሚስቱ ሽማግሌ ይጠብቃሉ፤ መኪና ግን ገና የጋራዡን በር አልፎ ሞተሩ ሳይጠፋ “ይፈታ!” ይባልበታል።

መፍታት በራሱ ክፋት የለውም። የሚከፋው ሳይሰሙ መፍታት ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለ አንዲት ፒካፕ የኋላ ዲፍረንሻል ነው። “እንዴ! ስለ ኑሮና ስለ ሰው በሚወራበት ቦታ ዲፍረንሻል ምን ቤት ነው?” ትሉኝ ይሆናል። ግድ የላችሁም፣ ትንሽ ታገሡኝ። በዚህ ብረት ሰበብ አንድ ልጅ እንጀራውን ሊያጣ ነበር።

መጀመሪያ ነገርየውን እንተዋወቀው። ከፒካፕ ኋላ ቆማችሁ ጎንበስ ብትሉ በሁለቱ ጎማዎች መካከል እንደ ዱባ ያበጠች የብረት ሆድ ታያላችሁ። ዲፍረንሻል እሷ ናት። ከሞተር በካምቢዮ በኩል የመጣው ጉልበት በረጅሙ ዘንግ ተጉዞ እዚች ሆድ ውስጥ ይገባል። ውስጧ ፒኞን የሚባል ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት አለ። እሱ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ክብ ያዞራል። (በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ “መኪናዬን ኮሮና ይዟት ጋራዥ ተኝታለች” የማይል ቀልደኛ አልነበረም።) ኮሮናው ደግሞ ሽሚያስ በሚባሉት የግራና የቀኝ ዘንጎች በኩል ጎማዎቹን ያዞራል። ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 41 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ፒኞኑ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነት ተሽጦ ጉልበት ተገዛ ማለት ነው። ሽንኩርት ያጨቀች ፒካፕ ዳገት የምትወጣው በዚህ ንግድ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ግን ከዚህም ይረቃል። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጥማዱ ትልሙ ጫፍ ደርሶ ሲዞር ከውስጥ በኩል ያለው በሬ እዚያው እንደመሽከርከር ይላል፤ ከውጭ በኩል ያለው ግን ሰፊ ክብ ረግጦ ይመጣል። ሁለቱም “እኩል ካልተራመድኩ” ቢሉ ወይ ቀንበር ይሰበራል፣ ወይ አንገት ይላጣል። ጎማም እንደዚሁ ነው። መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ከኮሮናው ጋር የሚዞሩ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ጉልበት እየተነዱ የየራሳቸውን እርምጃ እንዲሄዱ የሚፈቅዱላቸው። ኦኔሲፎር ፔኬር የሚባል ፈረንሳዊ ይህን ብልሃት በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ይኸው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መሠረቱ አልተለወጠም።

ጋራዥ የገባ ሰው ቋንቋው ይለወጥበታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ… ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መድፉን ይዞ ሄዶ መፍቻውን ጥሎልን የሄደ ይመስላል። ሐኪም ላቲን ያወራል፤ ካህን ግዕዝ ይዘልቃል፤ መካኒክ ደግሞ ጣሊያንኛ። ሦስቱም ዘንድ የባለጉዳዩ ድርሻ ራስን ነቅንቆ “እሺ” ማለት ነው። “ኩሽኔታው ሄዷል፣ ፓራዞሊዮውም ያፈሳል፣ ፒኞኑም ተበልቷል” ሲባል “ፒኞኑን ማን በላው?” ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ወደ ልጁ ልምጣ።

አጎቴ ሲንግል ጋቢና ፒካፕ አለችው። “አለችው” የምለው እንዲሁ ለወጉ አይደለም፤ ከሱቁ መዘጋት በኋላ የቤቱ እንጀራ እሷ ናት። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና አዲስ አበባ ታራግፋለች፤ ስትመለስ ያገኘችውን ትጭናለች። መንገዱ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚነዳት ከባላገር የመጣ የሩቅ ዘመድ ልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ። ደመወዙን ለእናቱ ይልካል፤ ማታ ማታ ይማራል፤ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ፒካፕዋ መጮህ ጀመረች። ስድሳ በሰዓት ስትገባ ከኋላ “ኡ… ኡ… ኡ…” የሚል፣ አርባ ላይ ዝቅ፣ ሰማንያ ላይ ከፍ የሚል ድምፅ። ጭነት ሲኖር እንደ ሙሾ አውራጅ ይሆናል።

አጎቴ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ መኪናዋን ሳይነዳት፣ ሌላው ቀርቶ ሲነዷት ሳይሰማት፣ ቆማ እያያት “ዲፍረንሻል ነው፤ ሙሉው ይቀየር” አለ። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ “ኮሮናና ፒኞኑ ብቻ ይበቃል፤ እንፍታና እንየው” አለ። ሦስተኛው ዘመናዊ ነው፤ በኮምፒዩተር ነው የሚያየው። ሽቦውን ሰካ፣ መስኮቷን እየነካካ ብዙ ቆየና “ኮድ የለም፤ መኪናው ሰላም ነው” ብሎ የምርመራውን ተቀበለ። መኪናዋ ሰላም ነኝ እያለች እየጮኸች ወደ ቤቷ ተመለሰች። በእርግጥ ኮምፒዩተሩ አልዋሸም። ስለ ሞተሩ ነዳጅ አመጣጥና ስለ ጭሱ ሊነግራችሁ ይችላል። በዚያች ዓይነት ፒካፕ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ላይ ግን “አመመኝ” ብሎ ወሬ የሚያደርስ መሣሪያ የለም። ያልተጠየቀ ምስክር ምን ይመስክር?

ሙሉ ዲፍረንሻል ይቀየር የተባለበት ዋጋ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የቤቱን የወራት አስቤዛ አጥፎ የሚበላ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ዕዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚፈልገው መፍትሔ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው። አጎቴም ጥፋተኛ ለማግኘት ሩቅ አልሄደም።

“ይሄ ልጅ ነው የጨረሰብኝ” አለ። “ፍሪሲዮን በአንዴ እየለቀቀ፣ ሲያስነሣት እንደ ፈረስ እያዘለለ ነው የፈጃት። ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ከዚያም አገሩ ይግባ።”

ልጁ ፊት ለፊት ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ እሱንም እየፈራ።

“ጋሼ፣ ድምፁ ከመሐል አይደለም የሚመጣው። በእኔ በኩል ነው፤ ከኋላዬ።”

“አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንክ?”

በዚህ ተዘጋ። ልብ በሉልኝ፤ ከመቂ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መቂ፣ በየቀኑ ከዚያ ድምፅ ጋር ተቀምጦ የሚውለው ሰው ይህ ልጅ ብቻ ነበር። ሦስት ባለሙያ ተጠይቋል፤ ባለንብረቱ ፈርዷል፤ እኛ ዘመዶቹም ቡና እየጠጣን አስተያየት ሰጥተናል። ጆሮው ድምፁ ያለበት ቦታ የሆነውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም። ሲናገርም የተመዘነው ያለው ነገር አልነበረም፤ የተመዘነው ዕድሜውና ደመወዙ ነው።

በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። ግቢያቸው ውስጥ ለወዳጅ ብቻ የሚሠሩ፣ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ጫፍ የሌላት ሰው ናቸው። አጎቴ ገና ከመውረዱ “ጋሼ፣ ዲፍረንሻል ነው አሉኝ፤ ይፍቱልኝ” አላቸው።

“ቆይ፣ ማን ነው የሚነዳት?” አሉ።

“ይሄ ልጅ ነው።”

“ና የኔ ልጅ፣ ንገረኝ እስቲ። መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?”

ልጁ አጎቴን አየ። ፈቃድ መጠየቁ ነው። ከዚያ ነገራቸው። እሳቸው አላቋረጡትም። ጨርሶ ዝም ሲል “በል ንዳ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ” ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጭነቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። አጎቴና እኔ ጋቢና ገባን።

የዚያን ዕለት ያየሁትን ልዘርዝርላችሁ፤ ፒካፕ ላለው ይጠቅመዋል፣ ለሌለውም አይከፋውም።

አንደኛው ጥያቄ “ድምፁ የማን ነው?” የሚል ነበር። መኪናዋን አቁመው ሞተሩን እንዲያስጮኸው ነገሩት። ዝም። እንግዲያው የሞተር አይደለም። ቀጥሎ አስፋልት ላይ፣ ቀጥሎ ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አስነዱት። የጎማ ድምፅ ቢሆን መንገዱ ሲለወጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ ያልተመጣጠነ የተበላ ጎማ አስፋልት ላይ ይዘፍናል፣ ጠጠር ላይ ዘፈኑ ይጠፋል። የእኛዋ አልተለወጠችም። ጎማዎቹን በነፃ አሰናበቷቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ “ጉልበት ሲመጣ ነው ወይስ ሁልጊዜ?” የሚል ነው። ይህች ናት ዋናዋ። ኮሮናና ፒኞን ሲጎዱ ነዳጅ በመስጠትና በመልቀቅ መካከል ድምፃቸው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሲነዳ ያፏጫል፣ አንዳንዱ ነዳጅ ሲለቀቅ። ጥርስ ከጥርስ የሚጋፋበት ፊት ስለሚቀየር ነው። ስለዚህ ልጁ በስድሳ እየሄደ አንዴ ነዳጅ እንዲሰጥ፣ አንዴ እንዲለቅ፣ ጭር ባለው ሜዳ ላይም ማርሹን ወደ ዜሮ አውጥቶ እንዲያንሸራትታት አደረጉ። (ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክሯት፤ ነፍስ ከዲፍረንሻል ትወደዳለች።) ነዳጅ ቢሰጥም፣ ቢለቅም፣ ዜሮ ላይ ብትንሸራተትም ያው “ኡ… ኡ…” ነው። ከጎማው ፍጥነት ጋር ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። የጥርስ ጠባይ አይደለም፤ የኩሽኔታ ጠባይ ነው። ያውም የፒኞን ኩሽኔታ ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ስለሚሽከረከር ድምፁ የቀጠነ ነው፤ ይህ ግን ወፍራም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ “የትኛው ወገን?” ነው። ሰው በሌለበት ልጁ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ፣ ወደ ግራ ጠምዘዝ እንዲያደርግ ነገሩት። መኪና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ግራ ይጋደማል። ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ጩኸቱ ባሰ፤ ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ረገበ። አዛውንቱ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለቴ መታ መታ አደረጉና “ይበቃል፣ እንመለስ” አሉ።

ግቢያቸው ስንደርስ የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ አስደገፉ፤ ኋላዋን በክሪክ አንሥተው ወፍራም እንጨትና ብረት አስቀመጡላት። ልጁ ማርሽ አስገብቶ ጎማዎቹን ቀስ ብሎ አዞራቸው። እሳቸው ረጅም ካቻቢቴ አመጡ። ጫፉን የዲፍረንሻሉ ሆድ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ገጥመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጫፍ፤ ከዚያ ወደ ግራ ጫፍ።

ሬኔ ላኤኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ በሽተኛ ደረት ላይ ገጥሞ የልብ ምት ሰምቷል ይባልለታል፤ የሐኪሞች ማዳመጫ የተፈጠረው እንዲያ ነው። ካቻቢቴ የመካኒክ ማዳመጫ ነው። ልዩነቱ አንዱ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ያስከብራል፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ሱሪ ይቀዳል።

“ና ስማ” አሉት አጎቴን። እሱም ገጠመ። መሐሉ ላይ የረጋ የዘይትና የጥርስ ሹክሹክታ። ቀኙ ላይ ዝም። ግራው ላይ ወፍጮ ቤት።

ልጁ ወዳለበት፣ በእሱ በኩል፣ ከኋላው።

ያም ሆኖ አዛውንቱ በጆሯቸው ብቻ አልፈረዱም። የዲፍረንሻሉን ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈቱና ጫፉ ላይ ያለውን ማግኔት በጣታቸው ጠረጉት። እንደ ኩል የላመ ግራጫ ቅባት ነበር። “ይሄ የዕድሜ ነው፤ ሁሉም አለው” አሉ። ስንጥር ወይም የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ብሎ ቢሆን ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ክረምት ወንዝ የምታቋርጡ ሰዎች ይህን ያዙልኝ፦ የጋለ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ከላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች አየር የሚስብበት ስለሚያጣ በዘይት መያዣው ጎማ ጥግ ጥግ ውኃ ይስባል። አንድ ጣት የማታክል መተንፈሻ በመደፈኗ ስንት ብረት ያልቃል! ሰውም እንደዚያው ነው፤ መተንፈሻ የሌለው ሰው የማይሆን ነገር ወደ ውስጡ ይስባል።

የግራው ሽሚያስ ተስቦ ወጣ። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር አሸዋ የበላ ያህል ይንገራገጫል። ዘንጉ ላይ በኃይል የተጋተ ስለሆነ በመዶሻ አይወጣም፤ ፕሬስ ወዳለበት ተወሰደ። ኩሽኔታና ፓራዞሊዮ ተገዛ። ወጪው ከሙሉ ዲፍረንሻል ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው ቀን ላይ አለቀ።

ግን አዛውንቱ አንድ የቀረቻቸው ጥያቄ ነበረች።

“ስንት ነው የምትጭኑባት?”

ልጁ መሬት መሬት ያያል። አጎቴም መሬት መሬት አየ።

“ያው… አሥራ አምስት ኩንታል። አንዳንዴም… ገበያው ሲሞቅ ሃያ።”

“እሷ የተሠራችው ለአሥር ነው፣ ወንድሜ” አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሃያ ኩንታል ይጫን የሚለው ሹፌሩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሹፌር የተጫነለትን ነው የሚነዳው። በአገራችን ጫኙና ተጠያቂው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። አለቃው ይጭናል፣ ጸሐፊዋ ትጎብጣለች፤ መምሪያው ዕቅድ ይቆልላል፣ ገንዘብ ያዡ ይጮኻል። ሲጮኽ ደግሞ “ይሄ ሠራተኛ ችግር አለበት፣ ይቀየር” ይባላል። ይቀየራል። አዲሱም በስድስት ወሩ መጮህ ይጀምራል፤ ጭነቱ አልተቀነሰማ!

“ተፈትቶ ቢታይስ ኖሮ ምን ይጎዳ ነበር?” የሚል ይኖራል። ይጎዳል እንጂ! ኮሮናና ፒኞን እንደ ማንኛውም ዕቃ ከመደርደሪያ ተነሥተው የሚገጠሙ አይደሉም። ፋብሪካ ውስጥ እርስ በርስ ተፋጭተው፣ አንዱ የሌላውን ፊት ለምዶ፣ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት። በጥርሶቻቸው መካከል የሚተወው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ጥቂት የወፈረ። አዋቂ ሲገጥመው ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ የት ላይ እንደሚነካኩ ያያል፤ በቀጫጭን ቀለበት ያስጠጋል፣ ያርቃል። ያላወቀበት ሰው ከፈታው ግን ደህና የነበረው ዲፍረንሻል ዕድሜውን ሙሉ አሰምቶት የማያውቀውን ጩኸት ይዞ ይመለሳል። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ብቻ በአዲስ መቀየርም አይሆንም፤ የተላመዱ ናቸው። የባልና ሚስትን ነገር “እኔ ልየውና ላስተካክለው” እያለ የሚከፍት ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጠቡ የነበረው ከቤቱ ውጪ፣ ከኑሮው ጫና ላይ ነው፤ ዘመድ ግን መሐሉን ፈታው።

ከዚህ የሚብሰውን ደግሞ ልንገራችሁ። አዛውንቱ ሽሚያሱን እየገጠሙ ያጫወቱን ነው። ድሮ አንዳንድ ደላላ የሚጮኽ ዲፍረንሻል ያለበትን መኪና ሊሸጥ ሲል ሰጋቱራ ይጨምርበታል። አዎ፣ የእንጨት ብናኝ! ብናኙ ከወፍራም ዘይት ጋር ተለውሶ ጥርሶቹ መካከል ይገባና ድምፁን ይውጠዋል። ገዢው ነድቶ ይሞክራል፤ ጸጥ። ይስማማል፣ ይከፍላል፣ ይመረቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብናኙ ይደቅና ዘይቱ የሚሄድበትን መንገድ ያጣል፤ መኪናው ዱር ላይ ሰው ይዞ ይቆማል። ይህ ዘዴ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ አሮጌ መኪና በሚሸጥበት ሁሉ የታወቀ ነው።

እኔ ግን የሰማሁት ስለ መኪና ብቻ አልመሰለኝም። ስንቱ ቤት ሰጋቱራ ተጨምሮበት ጸጥ ብሏል! “ገመናችሁን አታውጡ”፣ “ለልጆቻችሁ ስትሉ ቻሉት”፣ “ተዪው ይለፍ”… አንዳንዱ ምክር ዘይት ነው፤ ያለሰልሳል፣ ያድናል። አንዳንዱ ግን ሰጋቱራ ነው። ድምፁ ይጠፋል፣ ብረቱ ይበላል። መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ ነው፤ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ይሰቀላል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከዚያ “ሠራተኛው ቅሬታ የለውም” ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። የሚጮኽ ነገር ቢያንስ “እዚህ ጋ ነኝ” እያለ ነው። የምትፈራው ጩኸቱ ሳይፈለግ ጸጥ ያለው ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ሽማግሌ አባት መንከባከብ ይዟል። “ይቀየር” ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚያዳምጥ መካኒክ ዋጋው ይጨምራል። በነገራችን ላይ ኤሌክትሪክ መኪናም ጥርስና ኩሽኔታ አያጣውም፤ መታጠፉ አይቀርማ። እንዲያውም ሞተሩ ጸጥተኛ ስለሆነ የኩሽኔታ ለቅሶ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። የሚሸፋፍን ጫጫታ ሲጠፋ እውነተኛው ጩኸት ይጋለጣል ማለት ነው።

አጎቴ ልጁን ይቅርታ ጠየቀው ወይ ትሉኝ ይሆናል። የእኛ ሽማግሌዎች ይቅርታን በአፍ አያወጧትም። ሥራው ያለቀ ዕለት ለአዛውንቱ ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ምሳ እንብላ ብሎ ወሰደን። ገበታው ሲቀርብ ልጁ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ቆመ። አጎቴ “ና ቅረብ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?” አለው። ቀረበ። አጎቴ መጀመሪያ የጠቀለላትን ጉርሻ ለልጁ አጎረሰው። ትልቅ ነበረች። ልጁ እያኘከ መሬት መሬት አየ። ደመወዙ አልተቆረጠም። ስለ ሃያው ኩንታል ግን ያን ቀን ማንም ቃል አልተነፈሰም። በሳምንቱ ስጠይቅ አሥራ ሁለት እንደሚጭኑ ሰማሁ። ከአሥር ሁለት ትርፍ ነው፤ ከሃያ ግን ስምንት ወርዷል። የኑሮ ውድነቱን ለሚያውቅ ሰው ይህም ቀላል ኑዛዜ አይደለም።

እና የምላችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሥራ ቦታችሁ፣ ሰፈራችሁ የሆነ ነገር ከኋላ “ኡ… ኡ…” ሲል፣ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ሦስቷን ጥያቄ ጠይቁ፦ የማን ድምፅ ነው? ጉልበት ሲመጣ ነው ወይስ ሁልጊዜ? የትኛው ወገን ነው? ከሁሉም በፊት ግን አራተኛዋን፦ ማን ነው የሚነዳት? እሱን ጥሩና አታቋርጡት። አፍ ቢያጥረው፣ ዕድሜ ቢያንሰው፣ ጣሊያንኛውን ባያውቀው ከድምፁ ጋር የሚውለው እሱ ነው።

ቸር ያሰማን።